ጠይም ፊት በጥቁርና ነጭ፦ ልጆችን ከማንሳት እስከ ኤዲት

ሥራዬ ልጆችን ፎቶ ማንሳት ነው። ከወላጆች የምሰማው ጥያቄ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጥቁርና ነጭ አድርግልን» የሚል ነው። ሌላው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ወደ ጆሮ ተጠግቶ ይመጣል፦ «ትንሽ ቀላ አድርጋት እንጂ።» የመጀመሪያውን በደስታ እሠራለሁ። በሁለተኛው ላይ ሻይ እየጠጣን እንነጋገራለን።

ሁለቱ ግን ሳይታወቅ ይያያዛሉ። ስልክ ላይ ያለውን የጥቁርና ነጭ ፊልተር ዝም ብላችሁ ስትጫኑት ጠይሙ ልጅ ወይ አመድ ይመስላል ወይ ከሰል። ግንባሩ ላይ ያረፈው ብርሃን፣ ከጉንጩ ወደ አንገቱ ሲወርድ ቀስ እያለ የሚጠቁረው ቆዳው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን እኔ የምሄድበት መንገድ የሚከተለው ነው። ካሜራ ላለውም ስልክ ብቻ ላለውም ይሠራል።

ቀለሙ ይውጣ ወይስ ይቅር?

ሁሉም ፎቶ ጥቁርና ነጭ አይሁን። እንቁጣጣሽ ነው፣ ልጅቷ አደይ አበባ ይዛለች፤ ቢጫው ከወጣ ምን ቀረ? ጥለቱ የደመቀ የሐበሻ ቀሚስም እንደዚያው ነው። እነዚህን በቀለማቸው ተዉአቸው።

ጥቁርና ነጭ የሚያዋጣው ቀለሙ ከልጁ ፊት ጋር ሲሻማ ነው። ከኋላ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ከጎን ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ግድግዳው አረንጓዴ ነው። ልጁ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሐል ግሩም አድርጎ እያያችሁ ነው። ቀለሙን ስታወጡት የሚቀረው አስተያየቱ ይሆናል።

አንድ ልማድ ግን ቢቀርብን እወዳለሁ። ልብሱ የተቀደደ ልጅ ሲያዩ ወዲያው ጥቁርና ነጭ የሚያደርጉ አሉ፤ እንዲያሳዝን። ልጁ እኮ እየሳቀ ነበር።

ብርሃኑን ከልጁ በፊት ፈልጉ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም የሥራው ግማሽ ይህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ ከላይ ትወርዳለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፣ ብርሃኑም ይቆርጣል። በዚያ ሰዓት ደጅ የቆመ ልጅ ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ። አፍንጫው ሥር ጢም የመሰለ ጥላ ይወጣል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ይሻላል።

እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ የማምነው ቦታውን ነው። ቦታው በር ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት በር ምረጡና ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። የቤቱን አምፖል አጥፉ። በርጩማ ከደፉ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል አስገብታችሁ አስቀምጡና ልጁን አስቀምጡበት። ፊቱ ወደ በሩ ሙሉ በሙሉ አይዙር፤ ግማሽ ያህል ይበቃል። አንዱ ጉንጭ ይበራል፣ የማዶው ቀስ እያለ ይጨልማል። የማዶው በጣም ከጠቆረ አክስቱ በዚያ በኩል ነጠላ ዘርግታ ትያዝ። ውድ የተባለው የስቱዲዮ አንጸባራቂ ከነጠላ የተለየ ነገር አይሠራም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ሰፊ መስኮት ወይም የበረንዳ በር እንደዚሁ ያገለግላል።

ትክክል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ዓይኑን እዩ። የበሩ ምስል ብሌኑ ላይ እንደ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ከታየ ተቀምጧል። ካልታየ ልጁን ትንሽ ወደ በሩ መልሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀይ ለሆነ ፊት ቅርጽ የሚሰጠው ጥላው ነው። ጠይምና ጥቁር ለሆነ ፊት ግን ቅርጽ የሚሰጠው በቆዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ጉንጩ፣ የአፍንጫው ጀርባ፣ ግንባሩ፣ የከንፈሩ ጠርዝ ላይ የሚታየው ስስ ነጸብራቅ ፊቱን ይስለዋል። ስለዚህ ብርሃኑ ከሰፊ ቦታ መምጣት አለበት። ሰፊ በር ሰፊና ለስላሳ ነጸብራቅ ይሰጣል። የስልክ ፍላሽ ግን ግንባር ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ይተክላል፣ ሌላውን ሁሉ ዝርግ ያደርገዋል። ፍላሹን አጥፉት።

እናቶቻችን ፎቶ ሲባል ልጁን ቫዝሊን ይቀቡታል። አትከልክሏቸው። ትንሽ ወዝ ለዚህ ሥራ ወርቅ ነው። ከበዛ ብቻ ግንባሩንና አፍንጫውን በደረቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ ነካ ነካ አድርጉ።

ክረምት ላይ ደመናው ብርሃኑን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ግን ከላይም ከጎንም እኩል ስለሚመጣ ፊቱ ቅርጽ ያጣል። በረንዳ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስገቡት። ጣሪያው የላዩን ሲያስቀርላችሁ ከፊት የሚመጣው ብቻ ይቀራል።

ካሜራው ይሳሳታል፤ እረሙት

ካሜራም ስልክም ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ልጁ ነጭ በነጭ ለብሶ ከሆነ ነጩን ለማጨለም ሲል ፊቱን አብሮ ያጠቁረዋል። ከኋላው ጨለማ ክፍል ካለ ደግሞ ጨለማውን ለማብራት ሲል ፊቱን ያነጣዋል። ጥቁር ፊት ፍሬሙን ሲሞላውም እንደዚሁ ያነጣዋል።

እርማቱ ቀላል ነው። ነጠላው ከበዛ የብርሃን ማስተካከያውን ከ+0.7 እስከ +1 ድረስ ጨምሩ። ጨለማው ከበዛ ወደ -1 አካባቢ ቀንሱ። ፊቱ ፍሬሙን ከሞላ ከ-0.3 እስከ -0.7 ይበቃል። ስልክ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ጣታችሁን አቆዩ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ጎትቱ።

ይህ የማሽን አድልዎ የቆየ ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የማስተካከያ ፎቶ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። የቀለሙ ልክ የሚወሰነው በእሷ ቆዳ ነበር። ኮዳክ ጥቁር ቡናማውን በደንብ የሚያሳይ ፊልም መሥራት የጀመረው፣ እንደሚነገረው፣ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ምርታችን በፎቶ አይለይም» ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። የኛን ፊት ያዳነን ቸኮሌት መሆኑ ነው እንግዲህ።

ካሜራ ላላችሁ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ለተቀመጠ ልጅ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ በሰከንድ) 1/125፣ ለሚጫወት 1/250፣ ለሚሮጥ 1/500፣ ለሚዘል 1/1000። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 2.8 አካባቢ ያዙት። ብዙዎች 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይገዙና ኤፍ 1.8 ላይ ይተክሉታል፤ ልጁ ጣት ታህል ወደፊት ከተጠጋ ዓይኑ ከፎከስ ይወጣል። ፎከሱ ሁልጊዜ ለእናንተ የቀረበው ዓይን ላይ ይሁን። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 ወይም 3200 ላይ ቢደርስም አትፍሩ፤ ቀለም ሲወጣ ያ ነጠብጣብ የድሮ ፊልም ይመስላል እንጂ አያስቀይምም። የደበዘዘ ፎቶ ግን መድኃኒት የለውም። አምፖል ማጥፋት ካልቻላችሁ ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉት። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ ስትወጡ አንዳንድ አምፖሎች ፎቶው ላይ መስመር ይጥላሉ።

ስልክ ለያዛችሁ፦ ሌንሱን በጨርቅ ጥረጉ። «ቢዩቲ» የሚለውን አጥፉ፤ እሱ ነው ሳትጠይቁት የሚያቀላው። ሰፊውን ሌንስ ይዛችሁ ፊቱ ሥር አትግቡ፣ አፍንጫው ይገዝፋል። ሁለት እጥፍ አቅርባችሁ ራቅ በሉ። ጀርባውን የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድንም እኔ አልወደውም። ጎፈሬ ያለው ልጅ ላይ የፀጉሩን ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ያስመስለዋል።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክርስትና ላይ ካሜራውን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጌ፣ በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው የተለመደ ፋይል) ብቻ አነሳሁ። ፎቶው አማረ። በሳምንቱ አያትየው የልጅቷን ቀሚስ ጥለት በቀለሙ ማየት ፈለጉ። የለም። ከጄፔግ ውስጥ የወጣ ቀለም አይመለስም። ከዚያ ወዲህ በሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ በሚይዘው ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ያሳየኛል፣ ፋይሉ ግን ቀለሙን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ስልካችሁ ሮው ከሌለው በቀለም አንሱና በኋላ ለውጡ።

ልጁ

መጀመሪያ ተንበርከኩ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ ትልቅ ጭንቅላትና ትናንሽ እግሮች ብቻ ነው። ሌንሱ ከዓይኑ ጋር እኩል ይሁን።

ሰዓቱ የሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። ከእንቅልፍ ሲነሳና ከበላ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። 20 ደቂቃ ከሰጣችሁ ብዙ ነው።

«ሳቂ! ሳቂ እንጂ!» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በትህትና ቡና እንዲያፈላ ወደ ኩሽና ላኩት። በትዕዛዝ የመጣ ሳቅ ጥርስ ብቻ ነው። ልጆቹም «አንሳኝ! አንሳኝ!» እያሉ ሁለት ጣት ያወጣሉ። ያውጡ፤ አንሷቸው፣ አሳዩዋቸው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ፎቶዎች እንደ መግቢያ ዋጋ ቁጠሯቸው። ሲሰለቻቸው ነው ሥራው የሚጀምረው።

ከአምስት ዓመት በላይ ለሆኑት የኔ ምሥጢር እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ!» ስትሉት «ምን አውቅልህ» ይላል። ጥያቄውን ንገሩትና ካሜራውን አንሱ። ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ግንባሩ ይቋጠራል። ያንን ፊት በምንም ትዕዛዝ አታገኙትም። ካላወቀው «አገር ስጠኝ» በሉት። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ብሎ መልሱን ሲሰማ የሚመጣው ሳቅ ደግሞ ሌላ ነው። ጣታችሁ ከመጫኛው ላይ አይነሳ።

ለትንንሾቹ «ኩኩሉ» አለላችሁ። ልጁ ከመጋረጃው ኋላ ይደበቅ። «ኩኩሉ!» ትላላችሁ፣ «አልነጋም!» ይላል። ሦስተኛው ላይ ራሱ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ብቅ የሚልበት ቦታ ብርሃኑ የሚያርፍበት እንዲሆን አስቀድማችሁ አስቡ፤ ፎከሱንም እዚያው ቆልፋችሁ ጠብቁ።

ካለቀሰ አቁሙ። ለቅሶን አንስቶ በኢንተርኔት የሚለጥፍ አለ። ልጁ አድጎ ያየዋል።

ኤዲት

200 አንስታችሁ ከሆነ አምስት ምረጡ። ዓይኑ ያልጠራውን ሳያሳዝናችሁ ጣሉ። እኔ ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ስልክ ላይ በነጻ የሚገኘው ስናፕሲድም ይበቃል።

ቀለሙን ከማውጣታችሁ በፊት ቀለሙን አስተካክሉ። እንግዳ ይመስላል፤ ግን ፕሮግራሙ ግራጫውን የሚሠራው ከቀለሙ ነው። ከዛፍ ሥር የተነሳ ፊት አረንጓዴ ይመታል፣ ከጥላ ውስጥ የተነሳ ሰማያዊ ይመታል። በዚያ ሁኔታ ብትቀይሩት ቆዳው ይደፈርሳል። ነጠላው ነጭ፣ ፊቱ ደግሞ እንደምታውቁት እስኪሆን ዋይት ባላንሱን (የብርሃኑን ቀለም ማረሚያውን) አስተካክሉ። ብርሃኑንም እዚሁ ጨርሱ።

ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) እስከ መጨረሻው በማውረድ ግን አይሁን። ላይትሩም ላይ ጥቁርና ነጩን ስትመርጡ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ግራጫ እንደሚሆን የምትወስኑባቸው ስላይደሮች (የሚጎተቱ መቆጣጠሪያዎች) ይመጣሉ። ስናፕሲድ ላይ «ብላክ ኤንድ ኋይት» ውስጥ ገብታችሁ ባለቀለም ክቦቹን ፈልጉ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አሉ።

የኛ ቆዳ በብዛት ብርቱካናማና ቀይ ነው። ላይትሩም ላይ የሁሉም ነገር ቁልፍ የብርቱካናማው ስላይደር ነው። እኔ ከ+5 እስከ +20 ባለው ውስጥ ነው የምቆመው። ስናፕሲድ ላይ ቀዩን ክብ ብትጫኑ ፊቱ በአንድ ጊዜ ፏ ይላል፤ ከንፈሩም አብሮ ይጠፋል። «ቀላ አድርጋት» ሳንጠራው የሚገባው በዚህ በር ነው። ሰማያዊው ተቃራኒውን ይሠራል፤ ፊቱን ያጠቁርና እያንዳንዷን ጭረት ይቆጥራል። ለሽማግሌ ፊት ሊያምር ይችላል፣ ለልጅ ግን አይሆንም።

የት ልቁም ካላችሁ ሦስት ነገሮችን አብራችሁ እዩ፦ ፀጉሩን፣ ነጠላውን፣ ፊቱን። ፀጉሩ ጥቁር፣ ነጠላው ነጭ፣ ፊቱ በመሐል፣ ከሁለቱም በግልጽ ተለይቶ። ወንድምና እህት አብረው ከተነሱ ደግሞ ፈተናው ይቀላል። እሷ ቀይ፣ እሱ ጥቁር ከሆኑ ከኤዲቱ በኋላም ልዩነቱ መታየት አለበት። እኩል ከሆኑ አበላሽታችኋል።

እዚሁ ላይ ልብሱንም ተመልከቱ። ቀይ ሹራብ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ሲቆም በቀለም ይለያል፤ በግራጫ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። የአረንጓዴውን ስላይደር ወደ ታች አውርዱት፣ ግድግዳው ይጨልምና ልጁ ይወጣል።

ቀጥሎ ኮንትራስት። የፀጉሩ ጥቁር እውነተኛ ጥቁር ይሁን፤ ግን ሹሩባ ተሠርታ ከሆነ መስመሮቹ መታየት አለባቸው። ሻዶውን (የጨለመውን ክፍል) እስኪታዩ ድረስ ብቻ አንሱ። ነጠላው ከነደደ ሃይላይቱን (በጣም የበራውን ክፍል) ወደ -30 አካባቢ አውርዱ። ጭረቱን ሁሉ የሚያጎላውን «ክላሪቲ» ወይም «ስትራክቸር» የሚባለውን ከልጅ ፊት አርቁ። የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጉትታ የቀበሌ ሊቀመንበር ሲመስል አይቻለሁ።

አሁን ቦታ ቦታውን። በስናፕሲድ ብሩሽ ውስጥ ያለውን «ዶጅ ኤንድ በርን» (ቦታ መርጦ ማብሪያና ማጨለሚያ) በ5 መጠን ይዛችሁ ዓይኑ ላይ አንድ ጊዜ፣ በብርሃን በኩል ያለው ጉንጭ ላይ አንድ ጊዜ እለፉ። ከኋላው ያለውን የሚረብሽ ነገር አጨልሙት። ፊቱን በሙሉ አታብሩ፤ ጥላ ያለበት ጉንጭ ጥላ ይኑረው።

መጥረግ ላይ የምከተለው ሕግ አንድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ አጠፋዋለሁ፦ የትንኝ ንክሻ፣ ጭረት፣ ንፍጥ፣ የብስኩት ፍርፋሪ። አብሮት የሚኖር ከሆነ አልነካውም፦ ማርያም የሳመችው፣ የድሮ ጠባሳ፣ የጎደለ ጥርስ። ማተቡንም አታጥፉ። ነጭ ልብስ ላይ ያ ጥቁር ክር እንዲያውም ፎቶውን ይይዘዋል።

ከዚያ ዝጉትና እደሩ። በማግሥቱ የስልኩን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ እንደገና እዩት። ማታ ያበዛችሁት ኮንትራስት ጠዋት ያሳፍራል።

መላክና ማተም

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከሄደ ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ጥላውም ይቆራረጣል። ለሕዝብ የምትለጥፉ ከሆነ ወላጁን አስፈቅዱ። የትምህርት ቤቱ ስም ያለበት ዩኒፎርም ካለ ስሙን ከፎቶው ቁረጡት፣ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ የሚመዘግበውንም አጥፉ።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙና ደጅ ወጥታችሁ እዩት። ጥቁርና ነጭ በቀለም ወረቀት ላይ ሲታተም ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል። ካደላ ንገሯቸው፣ ያስተካክሉታል። ወረቀት ላይ ከስክሪን ትንሽ ስለሚጠቁርም ብርሃኑን በጥቂቱ ከፍ ያደረጋችሁበትን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ። ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ማት ወረቀት ምረጡ።

ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ፣ እንደ ድሮው «ለማስታወሻ» ብላችሁ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀኑን ጻፉ።